ሙሉ ቀን የሚግጥ ዓሣ

ቀዶ ሐኪም ዓሣን የሚያስገዛው ቀለሙ ነው። ቢጫው ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጠቃጠቆ የሌለበት ጥርት ያለ ቢጫ ነው። ሰማያዊው በጎኑ ላይ ጥቁር ሐረግ ተስሎበት ጅራቱ ላይ ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ፈዛዛ ሰማያዊ ደግሞ ፊቱ ጥቁር፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጀርባ ክንፉ ቢጫ ነው። ሰው መስታወቱ ፊት ይቆማል፣ ልቡ ይሸፍታል፣ ገዝቶ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ «ውኃው ንጹሕ ነበር፣ ምን ሆኖ ሞተብኝ?» ይላል። የባሕር ውኃ ገንዳ ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ ይበላ ነበር? «ጠዋትና ማታ» ይሉኛል፣ ጥሩ ባለቤት እንደነበሩ እርግጠኛ ሆነው። ለብዙ ዓሣ ጠዋትና ማታ በቂ ነው። ለዚህኛው ግን ጾም ነው።

ዓሣ አርቢዎች ባጭሩ ታንግ ይሉታል፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እላለሁ። ቤተሰቡ ሰፊ ነው። ከ80 የሚበልጡ ዝርያዎች በስድስት ወገን ተከፍለው ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹም በሞቃታማ ባሕሮች ውስጥ፣ ትንንሽ የባሕር እንስሳት በሚሠሩት ድንጋይ መሰል ኮራል ዙሪያ ይኖራሉ። በመጠንም በጠባይም ይለያያሉ። የሚያመሳስላቸው በጅራታቸው ሥር ያለው ምላጭና ቀኑን ሙሉ ሥራ የማይፈታው አፋቸው ነው። ስለ ምላጩ የማያወራ የለም። ስለ አፉ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ ደግሞ ታንግን በሕይወት የማቆየት ጥበብ ሁሉ ከአፉ ይጀምራል ባይ ነኝ።

ቢጫው ሲበላ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። አፉ ትንሽ ነው፤ ሾጠጥ ባለው የፊቱ ጫፍ ላይ ስለተቀመጠ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ለመግባት ይመቸዋል። ይጠጋል፣ ይነክሳል፣ ራሱን ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጎ ይቆርጣል፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ይላል፣ እንደገና ይነክሳል። ጥርሶቹ ጠፍጣፋና ጠርዛቸው የተሸረካከተ ስለሆነ የሚያነሱት አልጌውን ነው፤ ድንጋዩን አይቦረቡሩትም። ከአንዱ ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከነከሰ በኋላ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ገንዳውን ይዞራል፣ ትቶት ወደሄደው ድንጋይ ይመለሳል፣ ይነክሳል። መብራቱ ከበራበት ሰዓት አንስቶ እስኪጠፋ ድረስ ውሎው ይኸው ነው።

ከሃዋይ የሚመጣውና ዓይኑ በቢጫ ቀለበት የተከበበው ኮሌ ታንግ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ጥርሶቹ ብዙ፣ ቀጫጭንና ተንቀሳቃሽ ናቸው፤ አይነክስም፣ ይጠርጋል። ከንፈሩን ድንጋዩ ወይም መስታወቱ ላይ ለጥፎ ስሱን አልጌና በላዩ ያረፈውን ብናኝ ጠርጎ ያነሳል። መስታወቱን ለጥቂት ቀናት ሳላጸዳው ስቀር በአረንጓዴው ሽፋን ላይ የከንፈሩ ቅርጽ ታትሞ አየዋለሁ፤ ሁለት ትንንሽ ቅስቶች፣ እርስ በርስ የተያዩ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ፣ ከታች ወደ ላይ ተደርድረው። እንግዳ ሲመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ተብዬ ብዙ ጊዜ ተጠይቄበታለሁ። ስለዚህ የፊቱን መስታወት ብቻ አጸዳለሁ፤ የኋላውንና የጎኖቹን ለእርሱ ትቼለታለሁ። ጸዳ ያለ ገንዳ የሚወዱ ሰዎች ይህን ስንፍና ይሉታል፤ ይበሉ።

በአጭሩ ይህ ዓሣ በባሕር ውስጥ የከብት ሥራ ነው የሚሠራው። መስኩ ኮራሉ ነው፤ ሣሩ በየድንጋዩ ላይ በየቀኑ የሚበቅለው አጭር አልጌ ነው። ግጦሹ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን በካሪቢያን ባሕር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ረጅም እሾህ ያለው ጥቁሩ የባሕር ጃርት በበሽታ ተመትቶ ሊያልቅ ምንም ሳይቀረው ብዙ ኮራል በአልጌ ተሸፈነ። የመጋጡ ሥራ የወደቀው በፓሮት ዓሣዎችና በታንጎች ላይ ነበር፤ ዓሣ ተጠምዶ ባለቀበት ቦታ ደግሞ ሥራውን የሚረከብ አልተገኘም። ገንዳ ውስጥ ሰው ታንግ የሚያስገባው አንዳንዴ ለዚሁ ብሎ ነው፤ «አልጌ አስቸገረኝ፣ እርሱ ይብላልኝ» ይላል። ይበላል። ችግሩ አልጌው ካለቀ በኋላ ነው። አልጌው ሲያልቅ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ዓሣው ግን ምግቡ አልቆበታል።

ታንግ የሚግጥበት ምክንያት ሆዱ ውስጥ ነው። አልጌ ጉልበት የሚሰጠው በትንሽ በትንሹ ስለሆነ ብዙ መብላት፣ ያለማቋረጥ መብላት፣ የበሉትንም በረጅም አንጀት ውስጥ አሳልፎ መፍጨት ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ የሚያግዙ ተሕዋስያንም አንጀቱ ውስጥ አሉ። ከእነርሱ አንዱ ታሪክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በቀይ ባሕር የሚኖረውን ቡናማ ታንግ አንጀት የመረመሩ ሳይንቲስቶች ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ በዓይን ሊታይ የሚችል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር አገኙ። ከትልቅነቱ የተነሣ መጀመሪያ ላይ ባክቴሪያ አልመሰላቸውም። ስምንት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በዘር ቅንጣቱ ሲመረመር ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ኤፑሎፒሲየም የሚባለው ይህ ተሕዋስ ከናሚቢያ ባሕር ዳርቻ ሌላ ግዙፍ ባክቴሪያ እስከተገኘበት እስከ 1999 ድረስ በዓለም ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ነበር። በትንሽ ዓሣ አንጀት ውስጥ የዓለም ትልቁ ባክቴሪያ መኖሩ ያስገርመኛል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይህን ሁሉ የያዘ አንጀት ለስንት ቀን ባዶውን ሊቆይ እንደሚችል ነው። ከባሕር ተይዞ፣ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ከአንዱ ማከማቻ ወደ ሌላው ሲዛወር ብዙ ጊዜ ምግብ አይሰጠውም፤ ውኃውን እንዳያቆሽሽ።

ስለዚህ ታንግ ለመግዛት ስሄድ ቀለሙን ለመጨረሻ እተወዋለሁ። መጀመሪያ ከፊት ለፊት አየዋለሁ። ከራሱ ጀርባ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ሥጋ ጎድጉዶ ከሆነ፣ ሆዱም ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ረጅም ረኃብ ነው፤ ከዚያ የሚመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ቀጥሎ ሻጩ እንዲያበላልኝ እጠይቃለሁ። ሻጩ «አሁን በልቷል» ካለ ሌላ ቀን እመለሳለሁ። ታንግ በልቼ ጠግቤአለሁ ብሎ ምግብ አይመልስም።

ቤት ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው፣ ድግግሞሹ ነው አሰልቺው። ኖሪ የሚባለው የደረቀ የባሕር አልጌ ዋናው ነው፤ ጨው፣ ዘይትና ቅመም ያልነካው። በመስታወቱ ላይ በሚጣበቅ መቆንጠጫ ጠዋት ይሰቀላል፣ ዓሣው ቀኑን ሙሉ እየቀነጨበ ይጨርሰዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ካለቀ ትንሽ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ጋር ስፒሩሊና ከሚባለው ጥቃቅን አልጌ የተሠራ ደቃቅ ምግብና አልፎ አልፎ ማይሲስ የሚባለው በበረዶ የቀዘቀዘ ትንሽ ሽሪምፕ ይሰጠዋል፤ በባሕርም ከአልጌው ጋር ትንንሽ እንስሳት ይውጣልና። ሰላጣ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ሆዱን ይሞላዋል፣ ጥቅሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብዙ ምግብ ብዙ ቆሻሻ ነው፤ ስለዚህ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ ጠንካራ ማጣሪያና በየሳምንቱ የተወሰነውን ውኃ መቀየር የግድ ይሆናል። «ብዙ ካበላሁት ናይትሬት ይጨምራል» ብሎ ዓሣውን የሚያስርብ ሰው ማጣሪያውን ቢያሻሽል ይሻለዋል።

የአመጋገብ ጉድለት ምልክት ተደርጎ ለብዙ ዓመታት ሲነገር የቆየ አንድ በሽታ አለ። በዓሣው ፊትና በጎኑ መስመር ላይ ያለው ቆዳ እየተሸረሸረ ጉድጓድ ይወጣለታል። ሁሉም «ቫይታሚን ጎድሎት ነው» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ግን የአትላንቲክ ታንጎችን ከፋፍሎ ሲያኖር ሊግናይት ከሚባለው ቡናማ የድንጋይ ከሰል የተሠራ የከሰል ማጣሪያ የገባባቸው ዓሣዎች በሽታውን ይዘው ተገኙ፤ ከሰል ያልገባባቸው ጤነኛ ነበሩ። ይህ ማለት ምግብ አይጠቅምም ማለት አይደለም። እኔ ግን ከሰል ስጠቀም ጠንካራውን ዓይነት መርጬ፣ ብናኙ እስኪጠፋ አጥቤ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ አስገብቼ አወጣዋለሁ።

ወደ ገንዳው ልምጣ። ሰዎች ገንዳን በሊትር ይለኩታል፤ ለታንግ ሊትር ያታልላል። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱና ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 300 ሊትር ይይዛል። ርዝመቱና ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 83 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንብ መሰል ገንዳም 300 ሊትር ያህል ይይዛል። የመጀመሪያው ለትንሽ ታንግ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ውስጥ ዓሣው ጅራቱን ሁለት ጊዜ ሲመታ መስታወት ይገጥመዋል። ታንግ የሚዋኘው ወደ ጎን ነው፣ ርቀት ነው የሚፈልገው። ከዚህም ጋር ብርቱ የውኃ ፍሰት ይፈልጋል፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች የሚኖሩት ማዕበል በሚሰበርበት፣ ኦክስጅን በበዛበት የኮራል ጠርዝ ነው። አኪሊስ የሚባለው ጥቁር ታንግ ጅራቱ ሥር ባለው ብርቱካናማ ነጠብጣብ ብዙ ሰው ያማልላል፤ ፓምፑ ደከም ባለበት ገንዳ ውስጥ ግን ሲጨነቅ ለማየት ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሰማያዊው ታንግ ነገር ነው የሚያናድደኝ። አንድ የካርቱን ፊልም ካወጣው ወዲህ ልጆች በፊልሙ ስሙ ይጠሩታል፣ ወላጆችም ትንሿን ይገዙላቸዋል። ስትሸጥ የአውራ ጣት ያህል ናት። ስታድግ 30 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ለእርሷ የማስበው ዝቅተኛ ርዝመት 180 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቱና ቁመቱ 60 ቢሆን 648 ሊትር ማለት ነው፣ ውኃው ብቻ ከ650 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን ለመሸከም ወለሉ ራሱ መጠየቅ አለበት። ናሶ ከሚባለው ወገን ቀንድ ያላቸው ታንጎች ደግሞ አንዳንዶቹ 70 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ እነርሱን ቤት ውስጥ ማስገባት ለምን እንደሚፈቀድ አይገባኝም።

«ሲያድግ ገንዳ እቀይርለታለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ በሚባለው የኮራል ሰንሰለት የታንጎችን ዕድሜ በጆሯቸው ውስጥ ካለች ትንሽ ድንጋይ የዓመት ቀለበት የቆጠሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ለዚህ መልስ መልስ ነው። ብዙዎቹ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ አብዛኛውን እድገታቸውን የሚጨርሱት ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው፣ ከዚያ በኋላ መጠናቸው ብዙም አይጨምርም። እዳው የሚመጣው ቶሎ ነው። ሰውዬው ገና ለአዲሱ ገንዳ ገንዘብ ማጠራቀም ሳይጀምር ዓሣው አድጓል። ከዚያም የሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት አሉ።

አሁን ስለ ምላጩ። በጅራቱ ሥር በሁለቱም ወገን፣ በቦይ ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ስለታም እሾህ ነው። ማጠፊያው ከኋላ፣ ጫፉ ወደ ፊት ነው፤ ዓሣው ጅራቱን ሲቀለብስ ይወጣል። ናሶዎች ግን የማይታጠፍ፣ ተተክሎ የቀረ ስለት ነው ያላቸው። የአንዳንዶቹ መርዝነትም አለው፣ ቁስሉም ከመጠኑ በላይ ያማል። ስለዚህ እጄን ገንዳ ውስጥ ሳስገባ ዓሣው ማዕዘን ላይ እንዳይጨናነቅ መንገድ እተውለታለሁ። በመረብም አልይዘውም፤ እሾሁ መረቡ ውስጥ ተጠላልፎ ዓሣው ራሱን ይጎዳል። ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ አጥልቆ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ መንዳት ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሁለታችንም ሳንቆስል እንጨርሳለን።

ምላጩ የሚመዘዘው በሰው ላይ ከሚመዘዘው ይልቅ በሌላ ታንግ ላይ ነው፤ የጠቡም ምክንያት ዞሮ ዞሮ ግጦሽ ነው። የዚህ ሁሉ አለቃ የቀይ ባሕሩ ሶሃል ነው። ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥቁርና ነጭ መስመር የተዘረጋበት፣ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ፣ ማዕበል በሚመታው የኮራል ጫፍ ላይ የራሱን ቁራጭ መስክ ይዞ የሚጠብቅ ዓሣ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፔተር ፎርስኮል ነው፤ የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ ምድር ከላከው ቡድን ጋር ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፣ ሥራው ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ በ1775 ታተመ። ሶሃል ገንዳ ውስጥ ሲገባ ገንዳውን በሙሉ የራሱ መስክ ያደርገዋል። ከእርሱ በኋላ የሚገባ ሌላ ታንግ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ጠብን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ ማለዘብ ግን ይቻላል። ኃይለኛው መጨረሻ ይገባል። በመልክና በቅርጽ የሚመሳሰሉትን አለማቀላቀል ይመረጣል፤ ቢጫው ታንግ ክብ ቅርጽ ያለውን ሌላውን ታንግ ይጠላል፣ ሾል ያለውን ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይለዋል። አዲሱን ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ለጥቂት ቀናት ገንዳው ውስጥ ማንጠልጠል ነባሩ ቁጣውን በሣጥኑ ላይ እንዲጨርስ ያደርገዋል። ከገንዳው ውጭ መስታወት ማስደገፍም ይሠራል፤ ነባሩ ከራሱ መልክ ጋር ሲጣላ አዲሱ መሸሸጊያውን ያጠናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኖሪውን በአንድ ቦታ ሳይሆን በሁለት ሦስት ጫፍ መስቀል ነው። የመቆንጠጫ ቁጥር ጨምሬ ጠብ ሲቀንስ ባየሁ ቁጥር ዓሣዎቹ የሚጣሉት ስለ ምግብ ነው የሚለው እምነቴ ይጠነክራል።

የነጭ ነጥብ በሽታ ላይ ደግሞ ቆም ማለት አለብኝ፤ ብዙ ታንግ የሚሞተው በእርሱ ነውና። መንስኤው ክሪፕቶካሪዮን የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ለጥቂት ቀናት ይመገባል፤ ያን ጊዜ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሲጠግብ ከዓሣው ይወድቅና ድንጋይ ወይም አሸዋ ላይ ተጣብቆ በሽፋን ራሱን ይሸፍናል። በዚያ ሽፋን ውስጥ እየተከፋፈለ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይሆናል፤ ይህ ከሦስት ቀን እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል። ከዚያ ልጆቹ ይወጣሉ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ።

ይህን ዑደት ያላወቀ ሰው የሚታለልበት ቦታ ግልጽ ነው። ነጥቡ ሰኞ ይታያል፣ ሰውዬው የሆነ ነገር ገንዳው ውስጥ ይጨምራል፣ ሐሙስ ነጥቡ ይጠፋል። «ዳነ!» ይባላል፣ የተጨመረው ነገርም መድኃኒት ተብሎ ስሙ ይወጣል። ነጥቡ የጠፋው ግን ተሕዋሱ ጠግቦ ስለወደቀ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአሥር እጥፍ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚገባው ቆዳ ብቻ ሳይሆን ስንጥቡም፣ ማለትም በራሱ ጎን ያለው መተንፈሻው፣ ነው። እኔ ነጥብ ከመቁጠር ይልቅ የስንጥቡን መክደኛ እንቅስቃሴ ነው የማየው፤ የእጅ ባትሪ ከጎን አብርቼ። ዓሣው አርፎ ቆሞ እያለ የሚተነፍሰው በችኮላ ከሆነ፣ ወይም ከፓምፑ አፍ ፊት ተገትሮ ከቀረ፣ ነጥብ ባይታይም ነገሩ ተጀምሯል።

መፍትሔው ለይቶ ማቆያ ነው። አዲስ ዓሣ በቀጥታ ወደ ዋናው ገንዳ አይገባም፤ ይህ የማልደራደርበት ነው። ለይቶ ማቆያው አሸዋና ድንጋይ የሌለበት፣ ማሞቂያ፣ ማጣሪያና የቱቦ ቁራጭ መሸሸጊያ ያለው ባዶ ገንዳ ነው። እዚያ በመዳብ ማከም ይቻላል። ተራው የመዳብ መድኃኒት በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ለሳምንታት መያዝ አለበት፤ ሌሎቹ የመዳብ ዓይነቶች የየራሳቸው መጠን ስላላቸው የመያዣውን ጽሑፍ ማንበብና በመመርመሪያ በየቀኑ መለካት ግድ ነው። ካነሰ ተሕዋሱን አይገድልም፣ ከበዛ ዓሣውን ይገድላል። መዳብ ዋናው ገንዳ ውስጥ ከገባ ደግሞ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይጨርሳል፣ ድንጋዩም ይዞት ይቀራል። መዳብ የማይወድ ሰው ዓሣውን በየ72 ሰዓቱ ወደ ሌላ ንጹሕና ደርቆ ወደነበረ ገንዳ ማዛወር ይችላል፤ ተሕዋሱ ወድቆ ገና ልጅ ሳያወጣ ዓሣው ጥሎት ይሄዳል። ዋናው ገንዳ ተበክሎ ከሆነ ዓሣዎቹ ሁሉ ወጥተው ገንዳው ያለ ዓሣ መቆየት አለበት፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚይዙት ቁጥር 76 ቀን ነው። ረጅም ነው። ለሳምንታት ባዶ ገንዳ ማየት ይሰለቻል፤ ነገር ግን በ50ኛው ቀን ቸኩሎ የመለሰ ሰው ሁሉንም እንደገና ይጀምራል።

ለይቶ ማቆያ ስለ ምግብ ያልኩትንም ይመልሳል። ብቻውን ያለ፣ የሚያሳድደው የሌለ ታንግ ኖሪ መብላት የሚማረው እዚያ ነው። ከባሕር ወዲያው የመጣው ኖሪን እንደ ምግብ አያውቀውም፤ ቅጠሉን ድንጋይ ላይ በላስቲክ ማሰር ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ዓሣው ድንጋይ መንከስ ያውቃልና።

ሌሊት ደግሞ አዲስ ባለቤትን የሚያስደነግጥ ነገር ይሠራሉ። ቢጫው መብራት ሲጠፋ ይፈዛል፣ ቡናማ ጥላ ያርፍበታል፣ በጎኑም ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። ሰማያዊው ድንጋይ መካከል ራሱን ወትፎ ወይም በጎኑ ተጋድሞ ይተኛል፤ የሞተ ነው ብሎ ሊያወጣው የመጣ እጅ ሲነካው ተፈትልኮ ያመልጣል። ጠዋት ሁለቱም ወደ መልካቸው ይመለሳሉ።

የመጡበት ነገር ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ለሽያጭ የሚቀርበው ታንግ ሁሉ ከባሕር የተያዘ ነበር። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ አንዳንድ ቦታዎች ዓሣን ሳያናይድ በሚባል መርዝ አደንዝዞ መያዝ ኮራሉንም ዓሣውንም ጎድቷል። አብዛኛው ቢጫ ታንግ ይመጣ የነበረው ከሃዋይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአኳሪየም ንግድ የሚሰጠው ፈቃድ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ያስፈልገዋል ብሎ ከወሰነ በኋላ ያ ምንጭ እየጠበበ ሄደ። ማርባቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ታንጎች ሲመሽ ወደ ላይ ተፈትልከው እንቁላላቸውን በውኃው ውስጥ ይበትናሉ፤ እንቁላሉ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፣ የሚፈለፈለው ጫጩት ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ለሳምንታት በሰፊው ባሕር ላይ ይንሳፈፋል። የመጀመሪያ ምግቡ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ የማትበልጥ፣ ኮፔፖድ የሚባለው ደቃቅ የውኃ እንስሳ ጫጩት ናት፤ እርሷን በብዛት ማሳደግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቢጫው በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገው እ.ኤ.አ. በ2015 በሃዋይ ኦሺያኒክ ኢንስቲትዩት ነው፣ ሰማያዊው በሚቀጥለው ዓመት በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ። ዛሬ በእርባታ ያደገ ቢጫ ታንግ መግዛት ይቻላል፤ ከባሕር ከተያዘው ይወደዳል፣ የተሰጠውን ደቃቅ ምግብ ያለ ልመና ይበላል። ምርጫ ካለኝ እርሱን እወስዳለሁ።

እርባታው ግን የገንዳውን ርዝመት አያሳጥርም። 120 ሴንቲ ሜትር ላለው ሰው ኮሌ ታንግ እላለሁ፤ እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያድጋል፣ መስታወቱንም ያጸዳለታል። ለቢጫው ትንሽ ጨመር ያለ ርዝመት ቢገኝ ደስ ይለኛል። ከዚያ በታች ላለው ታንግ የለም፤ ሁለት ክላውን ዓሣ ይበቃዋል፣ ልጁም ከፊልሙ ያውቃቸዋል። ሰማያዊውን ማየት ከፈለገ ትልቅ የሕዝብ አኳሪየም ይውሰዱት፣ እዚያ በሙሉ ቁመቷ ያገኛታል። ይህን ለብዙ ወላጆች ነግሬአለሁ፤ ያመሰገነኝ የለም።